ሳይዘቅጡ

ከቦዬ ረግረግ የተነሣ ጉም መስኮቱን ሲልሰው፣
የአርጎኑን ቁልፍ ፈታሁት፣ እንዳላስደነግጠው፤
ጊቤን በአይሱዙ ተሻግሮ የመጣ ሲሊንደር ነው፣
ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤ ስንጽፍ የጠበቅነው።

ሙነዋራ ጓንቷን አጠለቀች።
ባለ ሦስት አንገት ብልቃጥ፣ ሆዱ ውስጥ ካድሚየም፣
የወይራ ዘይት አሲድ፤
ከቴርሞሜትሩ ላይ ዐይኗ አይነቀልም።
ሁለት መቶ ዐርባ ሲሞላ፣ ሰሊኒየሙን በመርፌ
ባንድ ትንፋሽ ሰደደችው፤ እኔ ቆጠርኩ በአፌ።

በዚህ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ብርጭቆ አጥቤአለሁ፤
ውኃ የመሰለ ነገር ሎሚ ሲሆን ግን ያን ቀን አየሁ።
«ምን ቀለም ጠብ አደረግሽበት?»
«ቀለም አይደለም፣ ጋሽ ቶሌራ፤ መጠን ነው ያለበት።
ትንሹ ሰማያዊ ያበራል፤ እያደገ ሲሄድ ይቀላል፤
ነገሩ አንድ ነው፤ ቁመቱ ብቻ ይለያል።»
የምትሻው ቀዩን ነበር። ስድስት ደቂቃ ይፈልጋል።

በሁለተኛው ደቂቃ
መብራት ሄደ።

ጅማ ላይ ይህ ወሬ አይደለም። ማሞቂያው ዐይኑን ከደነ፤
የጄኔሬተሩ ናፍጣ ካለቀ ዐሥር ቀን ሆነ።
ቀዩ መንገድ ላይ ቀረ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤
በስልኳ ብርሃን ደብተሯ ላይ
«ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ በአልኮል አጠብናቸው። አንዴ። ሁለቴ። ግማሹን ሦስቴ፤
ንጽሕና አይበዛም ያልኩት እኔ ነኝ፤ የኔው ነው ስሕተቴ።
ለካ ያ ቅባት ልብሳቸው ኖሯል፤
የተገፈፈው ብናኝ እርስ በርሱ ይታቀፋል፤
የተቃቀፈው ይከብዳል፤
ቶሉይኑ ውስጥ እንደ አተላ ቁልቁል ይዘቅጣል።

ድር ቢያብር ስንል ኖረን፣
ያበረው ሲዘቅጥ አየን።

«ተበተነ» ማለት ለኔ ቤት የፈረሰበት ነበር።
የኔም ሦስቱ ተበትነዋል፤ አንዷ ሻሸመኔ፣ አንዱ አሶሳ፣
ትንሹ ካለበት ሳይደውል ከረመ።
ሁለቴ የታጠበው ግን፣ ልብሱን ያልተገፈፈው፣
በብልቃጡ ውስጥ ተበትኖ፣ አንዱ ካንዱ ሳይነካካ ቆመ፤
ጠርቶ፣ ወለል ብሎ፣
አንድም ሳይወድቅ።

ከአሮጌ ኮምፒውተር በተፈታ ማራገቢያ ላይ መስታወት አጣብቃ፣
ጠብታውን እያሽከረከረች ስስ ቆዳ አለበሰችው፤
የጅማ እርጥበት ቸኩሎ ዳር ዳሩን ሰነጣጠቀው።

ማምሻውን ሐጂ ኸሊፋ መጡ፣ ዣንጥላቸው እያንጠባጠበ፤
የሐሰት ብር መለያቸውን ካዋሱን ሳምንት አልፎ ነበረ።
መብራት ዳግም ሄዷል። «አንዴ ይታገሡኝ» አለች፤
በሳቸው አምፖል መስታወቱን ከሥር አበራችው።

አረንጓዴ።
ቀይ አይደለም። ዳሩ የተሰነጠቀ። ግን አረንጓዴ፣
የሰውየው ጢም ድረስ።

ሐጂ እንደ ሁለት መቶ ብር ኖት ገልብጠው፣ አዘንብለው አዩት፤
«ይሄስ እውነተኛ ነው» አሉ፤
አምፖላቸውን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱት።

በጨለማው እጣቢውን፣ አዌቱ ወንዝ እንዳይቀምሰው፣
ጀሪካን ውስጥ ጠርቅሜ ካድሚየም ብዬ ቀኑን ጻፍኩ።
ደጅ ወጥቼ ለትንሹ ልጄ ደወልኩ።
አላነሣም።
ዝናቡ እስኪያባራ ቆሜ
ደግሜ ደወልኩ።