የማቀዝቀዣው ጀርባ

ማናማ፣ ጉዳይቢያ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
ሰባት ሴት፣ አንድ ቤት፣ አንድ ጠባብ ሰማይ፤
አንድ ማቀዝቀዣ፣ ፊቱ ወደ ሳሎን፣
እንግዳ ሲመጣ የሚያስረሳ ሐሩሩን።
ጀርባው ግን በረንዳው ላይ እሳት ይተፋል፤
የእኔ ፍራሽ ደግሞ እዚያ ተዘርግቷል።

ሸምሲያም እንዲያው ናት፤
ከፊቷ ለሚቀመጥ ነፍስ የምትመልስ፣
ከጀርባዋ ላደረ ረመጥ የምታፈስ።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ያነሣችኝ እሷ ናት፣
ከሪፋ መንገድ ዳር፣ በዚያ እኩለ ሌሊት።
ፓስፖርቴ አሠሪዬ ጋ፣ ስልኬ የሞተብኝን
ውሃ አጠጣችኝ፣ ሰጠችኝ ነጠላ ጫማዋን።

ዓርብ ዓርብ፣ በእንግዳ ፊት፣ ታሪኩ ይነሣል፤
በየዓርቡ ደግሞ ትንሽ ይወፍራል፦
መጀመሪያ ጠርሙስ ውሃ ነው የሰጠችኝ፣
በሦስተኛው ዓርብ ራሴን ስቼ አገኘችኝ፣
በዒድ ማግስት ደግሞ ሞቼ አስነሣችኝ።
ታሪኩ ሲወፍር እኔ ግን ከሳሁ።
የሷ ስም ከፀሐይ ነው ባገሬው ቋንቋ፤
የኔ ስም ዙሪያሽ፤ ዙሪያዋን ዋልሁ።

ትኩሳት ሲይዘኝ እሷ ይብስባታል።
ደመወዝ ሲጨመርልኝ ራሷን ያማታል።
ትናንት የሰደበችኝን ዛሬ «መቼ?» ትላለች፤
«ያምሻል እንዴ?» ብላ ግንባሬን ትዳስሳለች።
ጆሮዬን ተጠራጠርሁ።
በሩዝ ካርቶን ጀርባ፣ በእስክሪብቶ፣ ተደብቄ ጻፍሁ፦
«ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ።
‹ያለኔ ማን ይፈልግሻል› ብላለች።
ብላለች።»

አንድ ሌሊት አየኋት፣ ሳታየኝ።
እናቷ ከሐርቡ ደውላ
«ብሩ ደርሷል፤ አንሷል» አለችና ዘጋች።
ሸምሲያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ቆመች፣
ለተቋረጠ መስመር
«ደኅና ነኝ እናቴ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች።
መስኮቱ ላይ ብቻ ዕቃ የደረደረ፣
ውስጡ ባዶ መደርደሪያ የሆነ ሱቅ መሰለችኝ።

ያን ለት ገባኝ። መግባቱ ግን አላዳነኝም።
ጠዋት ሻይ ቀድቼ «እናትሽ...» ስላት
«ስትሰልዪኝ ነው ያደርሽው!» ብላ ቤቱን ቀሰቀሰች።
እስከ ማታ፣ ለስድስቱም፣ ሌባ ነኝ።
ከመታት ይልቅ ያየባትን አትምርም።

ሐዘኔን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትሁት፤
አልጣልሁትም። ለሷ ግን ዳግም አላወጣሁትም።
መልሴን አሳጠርሁ።
«እሺ።»
«ይሆናል።»
«አላውቅም።»
ክብሪት ትጭራለች፤ ጭድ አታገኝም።
ብሬን የት እንዳኖርሁ፣ ማን እንደሚደውልልኝ፣
ምን እንዳለምሁ እንኳ አልነገርኋትም።
አንዳንዴ አመለጠኝና ጮኽሁባት፤
ያን ቀን እሷ ጠገበች፣ እኔ ተራብሁ።
አራት ወር እንዲህ።

አሁን ሙሐረቅ ነኝ፣ ከአንዲት ኬንያዊት ጋር፣
ቁምሣጥን በምታህል ክፍል።
«አባረርኋት» ብላለች አሉ። ትበል።
በታሪኳ ውስጥ እባብ ሆኛለሁ፤
በየዓርቡ አንድ ክንድ እረዝማለሁ።
ላርም አልሄድሁም።

ማቀዝቀዣ የለንም።
በሦስት ዲናር አሮጌ ማራገቢያ ገዛን፤
የአንገቱ ብሎን ላልቶ ሲዞር ይንቋቋል፣
ለሷም ለኔም ተራ በተራ ይደርሳል፤
ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ይነቀንቃል፦
እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ።
ከሥሩ ተኝቼ ቃሉን አጠናለሁ።

ስልኬ በራ።
«ዙሪያዬ፣ አሞኛል። ነዪ።»

ማራገቢያው —
ወደ ግራ።
ወደ ቀኝ።