ልክ

ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ጣልያን ከሠራው ደረጃ ሥር፣
አንድ ሲንጀር፣ አንድ መቀስ፣ ጫፉ ያለቀ አንድ ሜትር፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሰፋሁ፣ ሌላ ሙያ የለኝም፤
ወገብ እንደ አፍ አይዋሽም፣ ከወገብ በቀር አላምንም።

ሌሊት በሰዓት እላፊ ላንድሮቨር በሬ ላይ ሲቆም
ሚስቴ ጋቢዬን ታመጣለች፣ ማልቀስ እንኳ አትደፍርም።
"ለልክ ነው እንጂ" ይላል ወታደሩ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት፤
እሷ ግን ጫማዬን ታያለች፣ እንደ ሟች ንብረት።

ጃንተከልን አልፈን፣ ግንቡን በጨለማ ዞረን፣
ከአንድ ቪላ ሳሎን ገባን፣ አምፖሉ ዓይን እያሳወረን፤
አምስቱም በየተራቸው ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙ፤
ሜትር ሲይዛቸው እኩል ናቸው፣ የገረፉ፣ የፈረሙ።

ሻምበል አጣናው አለ፣ ጣቱ በኒያላ ቢጫ፣
ጓድ ይርሳው አለ፣ የመፈክር አፍ፣ የጭብጨባ ማምረቻ፣
መምህር ቢያድግልኝም አለ፣ ዋሸራ ያደገ የቅኔ ሰው፣
ቅኔ ይዘርፍ የነበረ እጁ ዛሬ ስም ነው የሚዘርፈው።
የሁለቱን ስም ልተወው፤
ልጆቻቸው ዛሬም ጎረቤቶቼ ናቸው።

ትልቁ ሰው ጥግ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል፤
ልጣጩ ሳይበጠስ እስኪያልቅ፣ ሳል ያለበትም ሳሉን ይውጣል።
ከዚያ አንድ ነገር ይላል፣ ስለ ዝናብም ይሁን ስለ አገር፤
"ልክ ነው!" ይላሉ አምስቱም፣ ልክ የሌለው ሲናገር።

በጥር ሁለት ጣት ጠበበ የሻምበል አጣናው ወገብ።
ጾም አልገባ፣ ወባ የለው፤ ምን ነካው ብዬ ሳስብ
በየካቲት ወንበሩ ባዶ፤ ኮቱ ቤቴ ተሰቅሎ ቀረ።
"የሻምበልን ኮት ላምጣው?" ብል፣ "የምን ሻምበል?" አለ ይርሳው፤
ስሙ ለካ ትእዛዝ ኖሯል፦ የሚያውቀው ሁሉ ይርሳው።

ከዚያ ወዲያ ጠንቋይ አላሻኝም፣ መጪውን ከሜትሬ አነባለሁ፤
ቀበቶ ቀዳዳ ሲጨምር፣ አንድ መስቀያ አዘጋጃለሁ።

እትዬ ዘሀራ፣ ከአዲስ ዓለም፣ አንድ ቀን ረፋድ መጣች፤
ከብብቷ ሥር እጅጌ፣ እጅጌ ብቻ፣ አወጣች።
ቀሃ ዳር ነው የተገኘው። "ያንተ እጅ ነው ወይ?" አለችኝ።
አገላበጥሁት። ክርኑ ላይ እጥፍ ስፌት አለ፤
ልጇ ክርኑን ደብተር ላይ እየፈጀ ስላስቸገረ
እኔው ነበርሁ የደረብሁለት፣ በመስከረም፣ ሳይከፍለኝ።

"አይደለም" አልኋት።
ስፌቱ የኔ ነበረ፤ አፌ ግን የኔ አልነበረም።
"አልሐምዱሊላህ" ብላ ሄደች፣
እጅጌውን፣ የሰው ነዋ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ትታ።

የመጨረሻው ሌሊት ሳሎኑ ሰፍቶ ጠበቀኝ፤
ከአምስቱ ይርሳው ብቻ ቀርቶ፣ እሱም በር ላይ ቆሞ አየኝ።
ትልቁ ሰው ክንዱን ዘረጋ። ሜትሬ ዞረና ተረፈ፤
አራት ጣት! ልቤ በደረቴ እንደ ሲንጀር ከነፈ።
"ስንት ነው?" "እንደ ድሮው ነው።" "ልክ ነው?" አለ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።
"ልክ ነው" አልሁ። ቃሏን ዋጥኋት፣ እሾህ እንዳለባት ዓሣ።

በበዓሉ ዕለት አደባባይ ወጣ፤ ኮቱ የሌላ ሰው ይመስል
ከትከሻው ይንሸራተታል፤ ከተማው ያጨበጭባል።
ማንም አላየም። ሁሉም አይቷል።

እኔ ቤቴ ገብቼ፣ መብራት አጥፍቼ ኩራዝ ለኩሼ፣
ደብተሬን ገለጥሁ፤ የእውነቱን ቁጥር ጻፍሁ።
ከሥሩም ሌላ ልክ፦
የአንድ እጅጌ ርዝመት፣ ሃምሳ ስምንት ሴንቲ ሜትር።
ስም አልጻፍሁበትም።
አውቀዋለሁ።