የፊት መብራት ልኬት

ታኅሣሥ፣ ብራንደን ላይ፣ ገና ባሥራ አንድ ሰዓት
ቀኑ ወርዶ ተዘጋ እንደ ሱቅ በር ብረት።
የጋራዤን በር ስቤ ሦስት መኪና አቆምኩ፤
ከግድግዳው ዐሥር ርምጃ በጠመኔ አሰመርኩ።
ሽመክት ነው ያመጣው ይህን ሁሉ ጣጣ፦
«የኔን የሚያህል መብራት ካለ እስቲ ይምጣ!»

መጀመሪያ ቢዩኳ፣ የነርሷ የሎሬይን፣
ሃያ ስድስት ክረምት የከረመ ሃሎጅን።
ቢጫው እንደ ለጋ ቅቤ ግድግዳው ላይ ፈሰሰ፣
ጥጋጥጉን ሳይነካ መሐል ላይ ጨረሰ።
«ይሄማ ጧፍ ነው» አለ፣ «ዳዊት ይደገምበት!»
እኔም እየሳቅኩኝ ቁጥሩን ጻፍኩለት።

ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙ ዜኖን፤ ሲነቃ እንደ ሰው
ጥቂት አዛጋና፣ በሰማያዊ ምላስ ግድግዳውን ላሰው።
መርፌው ሦስት እጥፍ ዘለለ።
ሽመክት ዝም። ተራውን ይጠብቃል።

ከዚያ የሱ ፒክአፕ። ኤል ኢ ዲ። ነካ ሲያደርገው ገና
ጥላ የሚባል ጠፋ፤ ቤቱ ቀትር ሆነና
የቀለሙን ልጣጭ፣ ስንጥቁን፣ የምስማሩን ቀዳዳ
ቆጠረው አንድ ባንድ፣ እንደ አራጣ ዕዳ።
መርፌው ጥግ ደርሶ ቆመ። ሽመክት ፎከረ፤
ስሙም በደብተሬ አንደኛ ሰፈረ።

ግድግዳ ላይ ግን በረዶ አይጥልም።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ስልኬ ጮኸ፦
ሽመክት ነው፤ ከሥጋ ፋብሪካው ፈረቃ ሲመለስ።
«መንገዱ ጠፋኝ» አለ፣ «ዳር ይዤ ቆሜያለሁ፤ ድረስ።»
እጄ ላይ ያደረችው ቢዩኳ ብቻ ነበረች።
አስነሳኋት። ቢጫ ዓይኗ ላይ ያረፈው በረዶ
ውኃ ሆኖ ቀረ፣ ባፍንጫዋ ወርዶ።

ፒክአፑን አገኘሁት። መብራቱ አልጠፋም፤ ይበራል፣
ግን ጣት በሚያህል ግግር ከውስጥ ተቆልፏል።
ያ ሁሉ ብርሃን ቀዝቃዛ ነው፤
የገዛ ፊቱን እንኳ ማቅለጥ አቅቶታል።

ሽመክት በባንክ ካርዱ ሲፍቅ፣ ሲፍቅ ቆየ፤
እኔ ጧፉ ፊት ተንበርክኬ እጄን ሳሞቅ አየ።
ምንም ሳይናገር መጣ፣
ጓንቱን አውልቆ ካጠገቤ እጁን ዘረጋ።

ስንመለስ ከኋላዬ ነበር። መስታወቴን ሞላው፣ ዓይኔን ወጋው።
«አጭር አድርገው!» አልኩት በስልክ።
«አጭር እኮ ነው!» አለ።

ጧት ደብተሬን ገለጥኩ። የጻፍኩትን አልሰረዝኩም፤
ከቁጥሮቹ ጎን አንድ መስመር ጨምሬ
በቢዩኳ ትይዩ «እጅ ይሞቅበታል» አልኩ።