የግራ እጅ ድንጋይ

ጋሽ ላቀው ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ክረምት፣
«ያንን ድልድይ ልየው» አሉኝ ባንዱ ሌሊት።
«ልየው» አሉ እንጂ «ልዳብሰው» አላሉም፤
ያየ ሰው ሲታወር ቃሉ አይታወርም።

ያንድ ሰዓት መንገድ ነው ከፍቼ እኮ፤
ሁልጊዜ ግን አንዱ «አጥሬ ወደቀ» ብሎ ልኮ፣
እሳቸው ቱንቢያቸውን ኪሳቸው ከተው፣
ድልድዩን ለነገ፣ ለከነገ ወዲያ ትተው፣
ነገ ራሱ መሸና አንድ ዕለት፣
ነጭ መጋረጃ ወረደ ዓይናቸው ፊት።

እንግዲህ እኔ ነኝ፣ ምራታቸው ስንዱ፣
ክንዳቸውን ይዤ የወረድኩ በመንገዱ።
«ይሄ ጥቁር ድንጋይ፣ ይሄ ገረጋንቲ» ይላሉ፣
ከዘራቸው የነካውን በድምፁ ይለያሉ።
ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ቀና ብለው ሲያዩን፣
«እነማን ናቸው?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው ማንነታቸውን።
«እኔስ» አሉ «ሠርገኛ መስሎኝ፣ ሲያኝኩ ሰምቼ፤
ባልፍ ነበር እኮ እጅ ነስቼ!»

ድልድዩ አፍ ላይ አንድ ልጅ ጠበቀን፣
ኮፍያው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን፤
በቃሉ የያዘውን ዘረገፈልን፦
«ፖርቱጋሎች ሠሩት ነው የሚባለው፣
ኖራ ከሰጎን እንቁላል ጋር አቡክተው።
አይ፣ ያገር ሰው ነው የሚሉም አሉ፣
በኋላ ዘመን ነው የተሠራው እያሉ።
ለፎቶ ከሆነ፣ ወዲህ ነው ጥሩው...»
ከዚያ የጋሽ ላቀውን ዓይን አየና
ዝም አለ፣ አፈረና።

እሳቸው ግን ቁጢጥ ብለው ጠርዙ ላይ፣
መዳፋቸው ሄደ ከድንጋይ ድንጋይ።
ሲጫኑ፣ ሲያንኳኩ፣ እንደ ሐኪም
ጆሮ ሲያስጠጉ፣ ሲያደምጡ ዝም፤
በመጋጠሚያው ጥፍራቸውን ሲሰዱ፣
ኖራው የላላበት ጋ «እህ» እያሉ ሲሄዱ።
እኔ ገደሉን አያለሁ፤ ውሃው ከቅስቱ ሥር ወጥቶ፣
ጉሙ ውስጥ ይወድቃል ድምፁን ለኛ ትቶ።
ኮታቸውን ከኋላ ይዣለሁ በሁለት እጄ፣
መዳህ እንደ ጀመረው ልጄ።

ሦስተኛው ድንጋይ ላይ
እጃቸው ቆመ። አለፈው። ተመለሰ።
«ይሄ» አሉ፣ «ይሄ ግራኝ ነው።»
ልጁ ፈነጠዘ፣ የሚያውቀው ስም ነው፤
«አዎ አባቴ! ግራኝ በዚህ ሲያልፍ...»
«ተው እንጂ፣ ታሪክህን እጠፍ።
የጦር አበጋዝ አይደለም የምልህ፤
ግራኝ ጠራቢ ነው። እጅህን ስጠኝ፣ ላሳይህ።
መሮው የሄደበት ፈለግ ይሰማሃል?
የሌሎቹ ሁሉ ወደ ግራ ይወርዳል፣
የዚህ ተገልብጧል። መዶሻው በግራ ነው።
ጎኑ የቆመውን በክርኑ ሳይጎሽመው
አልቀረም፤ ሳይሰደብም አልቀረ፤
ድንጋዩ ግን፣ እይ፣ በቦታው አደረ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ።
አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው በልቼ፦
ከዘራው በቀኝ፣ ጉርሻው በቀኝ፣ ሰላምታው በቀኝ፤
ድንጋዩን የሚያነበው ግን ግራቸው ነው።
«እኔንም» አሉኝ፣ «የኔታ በልጅነቴ
ይሄን እጄን አስረውት ነበር በገዛ መቀነቴ፣
‹በቀኝህ ጻፍ፣ በቀኝህ አማትብ› ብለው።
ቀኜ ሁሉን ተማረ፣
ድንጋይ ብቻ ነው እምቢ ያለው።
ሰው ሲያየኝ በቀኝ፣ ሰው ሲሄድ በግራ፣
ስልሳ ዓመት ሰረቅኋት ያችን ሥራ።
ይሄ ሰውዬ ግን፣ መነኩሴው፣ ነጋዴው በሚያልፍበት...»
አልጨረሱትም። ድንጋዩን መታ መታ አደረጉት፣
የጓደኛ ትከሻ እንደሚመቱት።

ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ረዳቱ «ሒሳብ» ሲል፣
ግራ እጅ ተዘረጋ፣ ከነብሩ።
«በቀኝዎ ይስጡኝ እንጂ አባት፣ ነውር አይደል?»
እጃቸው አልታጠፈም።
ጣታቸው ላይ ትንሽ ኖራ ነበር፣ እንደ ዱቄት።
«ብሩ ያው ብር ነው» አሉት፤
«መልሱን በፈለግኸው እጅ ስጠኝ፣
ብቻ መልሱን አትርሳት።»