ልክየለሽ

በጥቅምት ውርጭ ሌሊት፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣
ከማምከኛው ብረት ፊት ተቀምጬ ሳይ፣
ጎኑ እያፏጨ ትንፋሹን ይተፋል፤
መርፌው መቶ ሃያ አንድን ነክቶ ያርፋል።
እንጀራዬ ይኸው፤ መግደል በሰዓቱ፣
ከመቀስ፣ ከወረንጦ፣ ከፋሻው፣ ከጓንቱ።
ብረት አይከፋውም፤ ቢግልም ይበርዳል፤
በነጋታው ያው ብረት ሆኖ ይታዘዛል።

ያን ሰሞን የመጣው ግን ብረት አልነበረም።

ከመሐል ሜዳ ናት፤ ልክየለሽ ይሏታል፤
በስድስት ዓመቷ ላምባ ፈንድቶባት ክንዷን ልጦባታል።
አንሶላ ሲነካት የምታሰማው ድምፅ
ኮሪደሩን አልፎ እኔን ያገኘኛል።

ዶክተር ስመኝ አሉ፦ «የእንግዴ ልጅ ካለ፣
ስሱ ገለፈቱ ቁስል ላይ ከዋለ
ሥጋን ይጠራዋል፤ ሕመም ያስተኛል።»
ዕለቱን የወለደች አሰጋሽ ነበረች።
ባሏ ጓሮ ወርዶ ጉድጓድ ሊምስ ሲል
«አፈር ከሚበላው ልጅቷ ትልበሰው» አለች።

በጨው ውሃ ታጥቦ መዳፌ ላይ ተኛ፣
ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ እርጥብ ዝምተኛ።
«ንጹሕ ይሁን» ብለው ጥለውኝ ሄዱ።
እኔ የማውቀው ደግሞ እሳት ነው መንገዱ።

አንዲቷን ቁራጭ ለሙከራ ከተትኩ፤
ደቂቃው ሲሞላ ክዳኑን ከፈትኩ።
ተኮማትራ፣ ቀልጣ፣ ሙጫ ሆና ቀርታ
ከሰሃኑ ጥግ ላይ አገኘኋት ተኝታ።
ቴፑ ግን ጠቁሯል። በእኛ ቤት መጥቆር
ንጹሕ ነው ማለት ነው፤
አብሮ ምን እንደሞተ ግን አያውቅም መናገር።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ብራና ፋቂ ነበር፣
አንኮበር ዳገት ሥር፣ ከወንዙ ዳር።
አንድ ክረምት ቸኩዬ የተወጠረ ቆዳ ከምድጃ አስጠጋሁ፤
ሲጨማደድ አይቶ ያቀመሰኝን ኩርኩም ዛሬም አልረሳሁ።
«ቆዳ ያስታውሳል» አለኝ፤ «በጉ የሮጠበትን ሜዳ ያስታውሳል።
እሳት ስታሳየው ግን ስሙንም ይረሳል።»
ይኸው ዛሬ ገባኝ፣ በሠላሳ ዓመቱ፤
ክር በክር የታሰረ ነገር ነው ብልሃቱ።

ሁለተኛዋን ቁራጭ በበረዶ ሳጥን ወደ ጨረር ላክናት፤
ጭስ የለው፣ እንፋሎት፤ ዝም ብሎ አለፋት።
ንጹሕ ሆና መጣች። በወረንጦ ሳነሳት
እንደ ከረመ ብራና ጥጓ ተሸረፈ፤
መጠኑ በዝቶ ኖሮ
የውስጧን ፈትል በጣጥሶት አለፈ።

«ጋዝ አለ» አሉ ደግሞ፣ ክሩን የማይነካ፤
መርዙ ግን ከሥጋው ተደብቆ የሚከርም ነው ለካ።
ልክ የለሽም ለተባለች ልጅ ልክ ፍለጋ
ደቂቃ ስደምር፣ ደቂቃ ስቀንስ፣ ሌሊቱ ነጋ።

በመጨረሻ፣ ሆምጣጤ የሚሸት ቀዝቃዛ መድኃኒት
ቀጠን አድርጌ በጠበጥኩ፤ ነከርኳት፤ ቆጠርኩ፤ አወጣኋት፤
ሦስቴ አጠብኳት፤
አራተኛም፣ እጄን ስላላመንኩት።
በጣቴ ሳብ አደረግኳት፤ ተሳበች፤ ስለቃት ተመለሰች፤
የነበረችበትን አልረሳችም።
ከዚያ ጥበቃ ሆነ። የሚበቅል እንደሌለ
ሰሃኑ እስኪመሰክር እኛ ጠበቅን።
እሷም ጠበቀች፣ በጩኸት።

ክንዷ ላይ ሲያጋድሙት ሳይሰፋ ተጣበቀ፤
የገዛ ቆዳዋ ይመስል ነበር።
ባዶውን ሰሃን ይዤ ከአልጋው ግርጌ ቆሜያለሁ።
ልክየለሽ ዓይኗን ገልጣ
«ይሄ የማን ነው?» አለችኝ።
«የአንድ ሕፃን ቤት ነው፤
ዘጠኝ ወር ኖሮበት ለቆ የወጣው።»
ዝም አለች። መስኮቱን አየች፣
መስታወቱ ላይ የጋገረውን ውርጭ።
«ታዲያ እሱ አይበርደውም?»

መልስ አልነበረኝም። ወደ ብረቴ ተመለስኩ፤
የማታው መቀስ ወጥቷል፣ ገና ይፋጃል።
ቴፑን ቀደድኩ።
ጠቁሯል።