ትንሿ ቁራጭ

ሄርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮ በታች፣
ዝናብ ያጠጋጋን አርባ ሦስት ሻጮች።
አዌቱ ሞልቶ ጠርጎት የሄደው መደብ
በማን እጅ ይለካ፣ በማን ቃል ይመደብ?
«ምርጫ ይቅርብን» አሉ አባ ፊጣ ተነሥተው፣
«ምርጫማ ምላሱ ለረዘመ ሰው ነው።
ሦስት ሰው በዕጣ ይውጣ፤ ዕጣ ዘመድ የለው።»

ስም ጸሐፊው እኔ፣ ቆራጩም እኔው ነኝ፤
የልጄ ሒሳብ ደብተር ሁለት ገጽ ለገሰኝ።
ነጂባን፣ ጣሃን፣ ልብስ ሰፊዋን ሸምሲያን፣
ጨው ሻጩን ሳህሉን፣ አርባ ሁለት ሙሉውን።
ራሴ ጋ ስደርስ ወረቀቱ አለቀ —
አላለቀም፣ ዋሸሁ።
ከጥግ በተረፈች፣ ጥፍር በምታህል
«ሙዘይን» ብዬ ጻፍኩ።

ለምን? የሚስቴ ወንድም፣ ያ ኢዘዲን ነው
ከሸምሲያ ጋራ በማዕዘኗ መደብ የሚካሰሰው።
ዕጣው ቢወጣልኝ ልፈርድ ነው፤
ለሱ ብል ገበያው ይታዘበኛል፣
ለሷ ብል የቤቴ ራት ይቀዘቅዛል።
እናም አሳነስኳት፣ እጅ እንዳያገኛት፤
ይህችን ብልሃቴን ጨዋነት አልኳት።

አውጪ ደግሞ ጠፋ፤ ሁሉም የሁሉ ነው፤
ሰው ያጣ ባለባጃጅ ከደጅ ጠራነው።
ጎማ ሲፈታ ውሎ ግሪስ የጠጣ ጣት
ሳፋው ውስጥ ገባ።
ነጂባ ወጣች፣ ሳህሉም ወጣ፣
ሦስተኛው ላይ ግን እጁ ባዶ መጣ።
መዳፉን ገለበጠው፤
ግሪሱ ላይ ተጣብቃ፣ እንደ ቁንጫ፣
እኔ አለሁ።

ተጨበጨበ። ኢዘዲን ጥርሱን አሳየኝ፣
ሸምሲያ መቀሷን አየች፣ እኔን አላየችኝ።
«የሚስቴ ወንድም ነው» አልኩኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ።
አባ ፊጣ ሳቁ፤ «ማን አለ ጅማ ላይ ካማቹ ርቆ?
ባለዘመድ ይውጣ ካልን ማን ሊቀር ነው፣
ከዚህ እንግዳ በቀር?»
እንግዳውም አለ፦
«አክስቴ እዚያ ጥግ ቲማቲም ትሸጣለች።»

ያኔ ተናዘዝኩ። ቁራጯን ከሌሎቹ ጎን
አስተኝቼ አሳየሁ።
«ታዲያ ማንን ጎዳ? ያሳነሰው ራሱን!»
አለ አንዱ። ሸምሲያ ግን፦
«አንተ ያነስክበት ልክ በኛ ላይ ተጨመረ።
ሸሽተህ የጣልከውን ማን ሊሸከም ነበረ?»

ሜትሯን ካንገቷ አወረደች፤
አርባ ሦስቱንም እንደ ሸሚዝ ኪስ
ለካች፣ ቆረጠች፣ አጠፈች።
አንድ ቃል ተጨመረ፦ ጉዳዩ የነካው
ያን ቀን ከወንበሩ ተነሥቶ ደጅ ይቁም።
ባለባጃጁ እጁን በሳሙና ታጠበ።

ዳግም ዕጣ ወጣ። የኔ ስም አልወጣም።
እፎይ ልል ሞከርኩ፤ እፎይታው አልመጣም።
ሳፋው ሥር ከቀሩት ስሜን ለቅሜ ሄድኩ።

ማታ ሚስቴ «ማን ወጣ?» ስትለኝ
ኪሴን ዳበስኩ፤
ሁለት ሙዘይን አለ፤
አንዱ ጥፍር የሚያህል፣
አንዱ ከሰው እኩል።