የጋሽ ደቻሳ ክንድ

ሰበታ ገበያ አበባ ቺት ሲሸጥ፣
ጋሽ ደቻሳን ይዛ እናቴ ስትሯሯጥ፤
በሱ ክንድ ስድስቱ በነጋዴው ሰባት፣
ትርፏ አንዲት ክንድ የኔ ቀሚስ ናት።
ነጋዴው ሲያየው ፊቱ ይጠቁራል፣
«ዛሬ ደግሞ ክንዱ አድጎ መጣ» ይላል።

አሁን ማሳው ዳር ላይ
ባለሦስት እግሬን ተክዬ፣ ባንድ ዓይኔ
አየሁ፣ ጻፍኩ፣ አየሁ።
ከወርካው እስከ ወንዙ
አባቱ በእርምጃ አራት መቶ ያሉት፣
እኔ ሴንቲ ሳልስት
በቁጥር ዘጋሁት።

ፕላኑን ዘርግቼ «እዚህ ጋ ፈርም» ስል
ክርኑን አሳርፎ ክንዱን አጋደመ፤
ማሳው፣ ወንዙ፣ ወርካው፣
የጎረቤቱ ቤት፣ መቃብሩም ገባ።
ከጣቱ ጫፍ ወዲያ
ባዶ ወረቀት ቀረ፣ አንድ ጋት የሚሞላ።

«ልጄ፣» አለኝ፣ «ይቺስ
የማን መሬት ነች?»
ሜትሬ ኪሴ ውስጥ
ተጠቅልላ ቀረች።